የስሜነሽ የድንጋይ ሽበት

እንጅባራ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለወይዘሮ ስሜነሽ
ጫግኒ

የሆድሽን ለሰው የማታወጪ፣ ለድንጋይ ግን የምታወሪ ውድ ባለቤቴ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የልጃችን የየምሥራች፣ የአማቻችን የመሳፍንት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይኗን እንኳን ያላየሁት የልጅ ልጃችን የፀደይ ጤና እንዴት ነው? ስለ እኔ ከጠየቅሽ (አልጠየቅሽም እንጂ) ወገቤን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም ያሳመምሽኝ አንቺ ነሽ። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው በየማለዳው ከቤት ጀርባ ተጎንብሶ ድንጋይ ውሃ ሲያጠጣ ሌላ ምን ይጠበቃል?

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስትደውዪ መጀመሪያ ኔትወርኩ ይጠፋል። ኔትወርኩ ሲመጣ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ሕፃኗ ዝም ስትል አንቺ "ሽበቱ እንዴት ነው?" ትያለሽ፣ እኔ "ደህና ነው" እላለሁ፣ ስልኩም ይቋረጣል። አራት ወር ተኩል ሙሉ ያወራነው ተሰብስቦ ይኸው ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ወረቀት አይቋረጥም፤ አንቺም መሐል ላይ ገብተሽ አትስቂብኝም።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽና ይውጣልኝ፦ "ደህና ነው" ያልኩሽ ውሸት ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምረው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ችግኝ ጣቢያው እናንተን ሠራተኞቹን ለሥልጠና ወደ ጮቄ ተራራ ወስዷችሁ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች የድንች ዘር ይዘው ሲመለሱ አንቺ በምሳ ዕቃሽ ከቋጥኝ ላይ የተላጠ፣ የድንጋይ ሽበት የሚሉትን አረንጓዴ ነገር ይዘሽ መጣሽ። ክዳኑን ስትከፍቺው ገና የተወለደ ግልገል ፀጉር ይመስል ነበር፤ ልስልስ ያለ፣ እርጥብ፣ ጥቅጥቅ ያለ።

"ይበላል?" አልኩሽ።

"አይበላም።"

"ያብባል?"

"አያብብም።"

"መድኃኒት ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"ታዲያ ለምን አመጣሽው?"

"ብርድ ይወዳል። እዚህ ቤት ደግሞ ብርድ ሞልቷል" አልሽኝ።

ሐሰት አልናገርም፣ በኋላ ሥራ አገኘሽለት። የፖም ችግኝ ሥር በእሱ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ቢውል አይደርቅም። ግን ከእሱ ላይ መዳፍ የምታህል ስታነሺ እንኳን ከራስሽ ላይ ፀጉር የተነጨ ያህል ፊትሽ ይጨማደድ ነበር። እንደዚያ እያልሽ አሥራ ዘጠኝ ድንጋይና አራት የእንጨት ሳጥን ሞላሽ። እኔም "የስሜነሽ ከብቶች" እያልኩ ስቄ ኖርኩ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ "ልጄን አርሼ፣ ክርስትና አስነሥቼ እመለሳለሁ" ብለሽ ስትሄጂ ሰማያዊውን ደብተር እጄ ላይ ጣልሽና ከብቶችሽ እኔ ላይ ወደቁ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ላም ስትታመም ማመንዠክ ታቆማለች፣ አፍንጫዋ ይደርቃል፣ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። በሬ ሆዱን ሲያመው ዞሮ ጎኑን ያያል። ይህ ያንቺ ሽበት ግን ጆሮ የለው፣ አፍንጫ የለው፣ ሥር እንኳን የለው! ሥር የሌለውን ነገር ከየት ጀምሬ ልመርምረው? ደብተርሽ ደግሞ የሐኪም ትእዛዝ እንጂ ደብተር አይደለም። "የዝናብ ውሃ ብቻ፣ ከበርሜሉ። የቧንቧ ውሃ እንዳታስነካው። ፀሐይ ሳትወጣ ርጨው። በቀትር እንዳትነካው፤ እርጥብ ሆኖ ሙቀት ካገኘው ይበሰብሳል። ቅጠል ከወደቀበት በጣትህ ልቀምለት። ከድንጋዩ ከተላቀቀ በመዳፍህ ቀስ ብለህ ተጫነው፣ ይይዛል።" ቀስ ብለህ! እኔ ጥጃ ከማሕፀን የምጎትት ሰው ነኝ።

እሺ፣ አደረግሁት። ኅዳርን በሰላም ተወጣሁ። ታኅሣሥ ላይ የእትዬ እመቤት ዶሮዎች አጥር ሾልከው ገቡና ሁለቱን ሳጥን ትል ፍለጋ እንደ ጤፍ ማሳ ገለበጡት። አጥሩ ጋ ሄጄ "እትዬ እመቤት፣ ዶሮዎችዎን ይሰብስቡልኝ" አልኳቸው።

"ምን በሉብህ?"

"የስሜነሽን ሽበት ጫሩት።"

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "ዶሮስ ዶሮ ናት፣ ድንጋይ ላይ ትል ፈልጋ ነው፤ አንተ ድንጋይ ላይ ምን ፈልገህ ነው?" አሉኝ። ከዚያ በአውኝኛ አንድ ነገር ጨምረው እየሳቁ ገቡ። ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ለአንቺ አልጽፈውም። የተበታተነውን ለቅሜ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በመዳፌ እየተጫንኩ መለስኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ጥር ላይ በርሜሉ ደረቀ። አንዲት ጠብታ ዝናብ የለም። ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ በአራተኛው "ውሃ ውሃ ነው" ብዬ የቧንቧውን ረጨሁ። በሳምንቱ ጫፍ ጫፉ ነጣ፤ ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። በዚህን ጊዜ ነው አሸናፊን፣ ያንን የሰፈራችንን ባለ ባጃጅ፣ ሁለት ጀሪካን ይዤ "ጥርባ ሐይቅ ውሰደኝ" ያልኩት። ከሐይቁ በላይ ጫካው ውስጥ ካለችው ምንጭ ቀድቼ ተመለስኩ። አሸናፊ መንገዱን ሁሉ በመስታወቱ ሲያየኝ ቆየና "ጋሽ ይኸነው፣ ጸበል ነው?" አለኝ።

"አይደለም፣ ለሽበት ነው" አልኩት።

እንዲህ ብዬ መመለሴ ስሕተት ነበር። ልጁ የራሴን ሽበት መስሎታል! ሽበቱን በውሃ ሊያጠቁር የሚሞክር ሽማግሌ በመሆኔ አዝኖ፣ ወይም ነገሩን ለመሸፈን የፈጠርኩት ሰበብ መስሎት፣ ለሰፈሩ "ጋሽ ይኸነው ታመዋል፣ ጸበል ጀምረዋል" ብሎ አወራ። ከሰዓት በኋላ እትዬ እመቤት አጥሚት ይዘው ገቡ። ቀጥሎ የዕድሩ ሰዎች አራት ሆነው መጡ። "እግዜር ይማርዎት" ይሉኛል፣ "ደህና ነኝ" እላለሁ፣ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ወስጄ ሳጥኖቹን አሳየኋቸው፦ "ውሃው ለዚህ ነው!" ይህን ሲያዩማ ጭራሽ ባሰባቸው። አንደኛው ሲወጣ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ነው" ሲል ሰማሁት።

ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ነው። እንግዲህ በሰፈሩ ስሜ ይኸው ሆነልሽ።

ክርስትናዋ የደረሰው ጥር መጨረሻ ነው። አዲስ ሸሚዝ ተኩሼ፣ ለፀደይ የገዛሁትን ጋቢ ጠቅልዬ ሁለት ቀን መናኸሪያ ተመላለስኩ። መንገዱ ተዘግቶ መኪና አልወጣም። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ በዚህ አልወቅስሽም። ግን ተመልሼ ቤት ስገባ በጣም ተበሳጭቼ ነበር። ያንኑ ቀን ያደረግሁትን ስነግርሽ ይህን አስቢልኝ። "ይህ ነገር ተርቦ ነው እንጂ እንዲህ አይገረጣም" አልኩና ፍግ በውሃ በጥብጬ ስድስቱን ድንጋይ አጠጣሁ። ለጎመን የሚሆን ለሁሉ ይሆናል ብዬ ነው። በአምስተኛው ቀን ጠቆረ፤ በሳምንቱ እንደ ረጠበ ጥቀርሻ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ። ስድስቱም ሞቱ። እኔ ገደልኳቸው። በስልክ "ደህና ነው" ያልኩሽ በማግስቱ ነው።

ያን ዕለት የተረፈውን እንዴት እንደማድን ለማየት ደብተርሽን አወጣሁ። እስከዚያ ድረስ ወር ሲገባ የወሩን ገጽ ብቻ ነበር የማነበው፤ አንቺ እንዳዘዝሽኝ። የካቲትን አነበብኩ። ቀጥሎ ገጹ ሲገለጥ መጋቢት አለ። ከዚያም ሚያዝያ፦ "ይደርቃል፣ ቡናማ ይሆናል፤ ሞተ ብለህ እንዳትነቅለው።" ግንቦት አለ። ሰኔ አለ። ሐምሌ፦ "ውሃ ከተኛበት ሳጥኑን አዘንብለው።" ነሐሴ አለ፣ መስከረም አለ። በመሐል ለጳጉሜ እንኳን አንድ ገጽ ሰጥተሻታል፦ "ምንም አታድርግ። ዝናቡ ይበቃዋል። አንተም ዕረፍ።"

ስሜነሽ፣ ሰማንያ ቀን ቆይታ የምትመለስ ሴት ለጳጉሜ ምን ትእዛዝ ያስጽፋታል?

ደብተሩን ዘግቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ እንደማትመለሺ ገና ጥቅምት ላይ ሁላችሁም፣ አንቺ፣ ልጄ፣ አማቼ፣ ታውቁ ነበር። ያላወቅሁት እኔና ሽበቱ ነን። ተነሥቼ መርጫውን ጥግ ላይ ወረወርኩት። "ይድረቅ!" አልኩ። "ባለቤቱ ጥላው የሄደችውን እኔ ምን ቸገረኝ?" አሥራ ሦስት ቀን አልነካሁትም። ከቤት ጀርባ አልዞርኩም። የቀሩት አሥራ ሦስት ድንጋዮችና አራቱ ሳጥን ደርቀው፣ ቡናማ ሆነው፣ እንደ ቆየ ትምባሆ ተኮማተሩ። በመስኮት አያቸው ነበር። ደስ አላለኝም፤ ግን አልወጣሁም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ ደወልኩ፤ ልጠይቅሽ፣ ልጮህብሽ። ያነሣችው የምሥራች ነበረች።

"አባዬ፣ እማዬ የለችም። ገበያ ሄዳለች።"

"በምን ሄደች?"

"በእግሯ ነዋ።"

"በየትኛው እግሯ?" አልኳት። የተናገርኩት በቁጣ ነው፤ ግን ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ። ልጅቱም ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ነገረችኝ። ጫግኒ ከወረድሽ ጉልበትሽ ማበጡን እንደተወ፣ ከምርኩዝሽ እንደተላቀቅሽ፣ ሐኪሙም ወደ ብርድ እንዳትመለሺ እንዳለሽ።

"የምን ምርኩዝ?" አልኳት።

"አንተ ከቤት ስትወጣ እሷ የምትይዘው። በርሜሉ ጀርባ የምትደብቀው።"

ያንን ዘንግ አውቀዋለሁ። ሁለት ወር የእትዬ እመቤትን ዶሮ ሳባርርበት ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?" አልኳት።

"ምን ብላ ትንገርህ አባዬ? 'አባትሽ ጫግኒ ከሚኖር እግሩን ቢቆርጡት ይመርጣል፤ ከቤቱ አላፈናቅለውም' አለች።"

አዎ፣ ብያለሁ። "ጫግኒ ለማንጎና ለትንኝ እንጂ ለሰው አልተፈጠረም" ያልኩት እኔ ነኝ፤ በሠርጓ ዕለት፣ በመሳፍንት ዘመዶች ፊት። አልክድም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ነገር አወጣሁ አወረድኩ። ከካቻምና ጀምሮ ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ ግድግዳ ትይዢ ነበር፤ አይቻለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዳገቱ ላይ ቆም እያልሽ ነጠላሽን ታስተካክዪ ነበር፤ ነጠላሽ የተስተካከለ ነበር፤ እሱንም አይቻለሁ። ወደ ጫግኒ የሄድሽ ቀን ሚኒባሱ ላይ ስትወጪ በጎን ነበር የወጣሽው፤ እኔ ከረዳቱ ጋር ስለ ሻንጣ እጨቃጨቅ ነበር። ያመጣሁልሽ መድኃኒት አንድ ነው፦ "ቅባት ተቀቢ።" ከወንዝ ማዶ የምታነክስ ላም አይቼ የትኛው እግሯ እንደሆነ የምናገር ሰውዬ፣ እንጀራ ስታቀርቢልኝ እንዴት እንደምትራመጂ አላየሁም። አንቺስ ብትሆኚ? ላም እንኳን ስትታመም ትናገራለች አላልኩሽም? ዘጠኝ ዓመት ለድንጋይ ስታወሪ አንድ ቀን ወደ እኔ ዞር ብለሽ "አመመኝ" ብትዪ ምን ነበረበት! በዚህ ግን እወቅስሽ ነበር፤ አሁንም እወቅስሻለሁ።

በማግስቱ ማለዳ መርጫውን ፈልጌ አገኘሁት፤ አፉ ተሰንጥቋል፣ በጨርቅ አሰርኩት። ከጥርባው ውሃ የተረፈ ነበረኝ። "ሚያዝያ" የሚለውን ገጽሽን አምኜ ሳይሆን ሌላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ረጨሁት። በርጩማዬን አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተኮማተረው ቀስ እያለ ተፍታታ፤ እያንዳንዷ ቅጠል፣ ቅጠል ከተባለች፣ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ከሥር አረንጓዴው መጣ። አንድ ሰዓት አልሞላም ብልሽ ታምኚኛለሽ? አንቺማ ታውቂዋለሽ፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ከአጥሩ ማዶ "እትዬ እመቤት! ይምጡ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ሲያዩት አልሳቁም። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩትና "ስሜነሽ እኮ ከዚህ ጋር ስታወራ እሰማት ነበር" አሉኝ።

"ምን ትለው ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ፣ የሰው ወሬ አልሰማም" አሉና ሄዱ። ሲሰሙ ኖረው! ይህች ሴት አንድ ቀን ታሳብደኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ችግኝ ጣቢያ ሄጄ ወርቅአየሁን፣ ያቺን የሥራ ጓደኛሽን፣ አነጋገርኳት። ከጣቢያው በላይ ዳገቱ ሥር፣ ፀሐይ የማትደርስበት የጥላ ቤት አላት፤ ከእኛ ጓሮ ይልቅ ይበርዳል። ድንጋዮቹንና ሳጥኖቹን በሦስት ምልልስ በአሸናፊ ባጃጅ ወሰድኩ። አሸናፊ በዚህኛው ጊዜ ምንም አልጠየቀኝም፤ ሰው ከአበደ በኋላ ጥያቄ አያስፈልገውም። ወርቅአየሁ እያንዳንዱን እንደ ሕፃን ተቀበለችኝ። ስድስቱ የሞቱት በእኔ ፍግ እንደሆነ ነገርኳት፤ "ሁሉም ጀማሪ ይህን ያደርጋል ጋሼ" አለችኝ። እኔን ጀማሪ! ደብተሩን አልሰጠኋትም። ገልብጣ ጻፈችው፤ ዋናው እኔ ጋ ነው።

ወደ ጫግኒ አንድም ድንጋይ አላመጣም። ሙቀቱ በሳምንት ያበሰብሰዋል፤ ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ሳልጠይቅሽ ስለሰጠሁት ትቆጪ ይሆናል። አንቺም ሳትጠይቂኝ ብዙ ነገር አድርገሻል፤ እኩል ነን።

ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን "ና" አላልሽኝም። እኔም አንድ ቀን "ነይ" አላልኩሽም፤ ይህን ልብ ያልኩት አሁን፣ እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ነው።

ያለንን አንድ በግ ለአሸናፊ እናት ሰጥቻለሁ፤ ቤቱን እትዬ እመቤት ያዩታል። ለየምሥራች የሚከተለውን ንገሪልኝ። ሙቀት አልችልም። ትንኝ አልችልም፤ አጎበር ይዤ እመጣለሁ። የመሳፍንት ቴሌቪዥን ድምፁ ዝቅ ይበል። ቤታቸው ሁለት ክፍል መሆኑን አውቃለሁ፤ በረንዳ ላይ ብተኛም ግድ የለኝም፣ ጥቂት ቀን ነው፣ ከዚያ የራሳችንን የኪራይ ቤት እንፈልጋለን። ደረጃ የሌለው ቤት ይሁን። ከገበያ የማይርቅ ይሁን። ይህን ከአሁኑ ጀምረሽ ጠይቂ፤ በእግርሽ ትሄጂ የለ?

የእንጅባራው ጊዮርጊስ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጃችንን ወተት ያብዛላት፤ ፀደይን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልን፤ ለእኔም ትዕግሥት ይስጠኝ፣ አንቺ ዘንድ የተረፈ ካለም አካፍዪኝ። ይህ ደብዳቤ ነገ በሚወርደው ሚኒባስ ይደርስሻል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣው ላይ ነኝ። መናኸሪያ ድረስ መጥተሽ ፀሐይ ላይ እንዳትቆሚ። ከመጣሽ ግን ጥላ ሥር ቁሚ።

ባለቤትሽ
ይኸነው